ከፀሐይ በፊት የሚጀምር ዜማ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ሚያዝያ ከገባ ወዲህ ግን ጓሮዬ ውስጥ ወፎቹ ሲጀምሩ ልቤ ቀለል ይለኛል። ያንን ሰዓት የጸሎት ላደርገው ብዬ ስቀመጥ ሐሳቤ ይበተናል። ምን ላድርግ? (ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሚነቁበት ሰዓት ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ ወፎቹ ግን 40 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይጀምራሉ። በዚያ ድንግዝግዝ ትል ለመልቀም ገና አይታያቸውም። ነፋሱም መኪናውም ስላልተነሣ ድምፃቸው ሩቅ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘምረው ወንዱ ነው፤ ቦታው የእሱ መሆኑን ለጎረቤቶቹ እየተናገረ፣ እግረ መንገዱንም እንስቷን እየጠራ ነው። የበልጉ ዝናብ ነፍሳቱን ስለሚያበዛ ብዙዎቹ የሚፈለፍሉትም በዚህ ወቅት ነው።

ጋቢዎን ደርበው ይውጡና ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጡ። ወንበሩ ከቁጥቋጦው 5 ሜትር ያህል ይራቅ፤ በየቀኑም ከዚያው ቦታ አይነሣ። ወፍ የለመደውን ነገር አይፈራም፤ ቦታ ከቀያየሩበት ግን በየቀኑ እንደ አዲስ እንግዳ ይሆኑበታል። የበረንዳውን መብራት ያጥፉ። ስልክዎን፣ ሰዓት ለማየትም ቢሆን፣ ይዘው አይውጡ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምንም ሳይጸልዩ ዝም ብለው ይስሙ። ሐሳብ የሚበተነው ብዙ ጊዜ ጸሎቱን በሩጫ ስለምንጀምረው ነው። ከዚያ ሦስት ድምፅ ለመለየት ይሞክሩ። መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል እየገላበጠች ትል የምትለቅም፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷና ምንቁሯ ብርቱካንማ የሆነ ወፍ አለች፤ አጫጭር ሐረግ ታሰማለች፣ ጥቂት ዝም ትላለች፣ ደግማ ትቀጥላለች። ጥቅጥቅ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ራሷ ጥቁር፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ደረቷ ብርቱካንማ የሆነችው ትመጣለች፤ የሌሎችን ወፎች ድምፅ ሳይቀር እየቀዳች የምታፏጭ ናት፣ ማታ ሲመሽም አትተውም። ሦስተኛዋ በጉሮሮዋ የምታጉረመርመው ዋኖስ ናት። ሐሳብዎ ሲሄድ አይታገሉት፤ ከሦስቱ በጣም ሩቅ የሆነውን ድምፅ ፈልገው ይያዙ። ጆሮ ሩቅ ሲሄድ ልብ ይሰበሰባል። ከዚህ በኋላ ዳዊትዎን ይድገሙ፤ በድምሩ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ጸሎትን ከወፍ ጋር ማያያዝ እንግዳ ነገር እንዳይመስልዎት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የተማረው ከገነት ከተላኩ ሦስት ወፎች ነው። መታሰቢያው ግንቦት 11 የሚውለውም በዚሁ በጸደይ ነው። (ብዙ ሰው የመስከረሙን አበባ ጸደይ ይለዋል፤ በባሕረ ሐሳቡ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መፀው ይባላል።) ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሳይነሡ አሥር ደቂቃ ቢቀመጡ ይህንኑ ዜማ ያገኙታል።

ዝናብና ነፋስ ባለበት ንጋት ወፎቹ ዝም ይላሉ፤ ያን ቀን የተተዉ እንዳይመስልዎት። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብም ካስጠላዎት፣ የንስሐ አባትዎንም ሐኪምዎንም ያማክሩ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ ወፎች እንዲበዙልኝ ጓሮ ውስጥ የተረፈ እንጀራና ዳቦ እበትናለሁ። የመጣልኝ ግን አይጥና ቁራ ብቻ ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንጀራውንና ዳቦውን ይተዉት፤ ጨው አለበት፣ ይሻግታል፣ ሲያድር አይጥ ይጠራል። ጥሬ መስጠት ከፈለጉ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ወይም ማሽላ ጠዋት ያስቀምጡና የተረፈውን ከሰዓት በኋላ ያንሡ። ከእህል ይልቅ ግን ውሃ ብዙ ዓይነት ወፍ ያመጣል፤ ጥሬ የማይበሉት ሁሉ ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ።

ለዚህ ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ሳህን ይበቃል። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር አይለፍ፤ ዳሩ ላይ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሳፋ አይሆንም፤ ወፍ ዳገቱ ያንሸራትታታል፣ ትሰጥማለች። መሐሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ያኑሩ። ሳህኑን ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል አርቀው ከፍ ባለ ነገር ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚህ ከቀረበ ድመት ታደባለች፣ በጣም ከራቀ ወፏ መሸሸጊያ ታጣለች። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ሳምንት የቆየ ውሃ የወባ ትንኝ ያፈላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በብሩሽ ይፈትጉት። አረንጓዴ ከያዘ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ይጠቡት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ቀጥሎ መትከል ነው። ራስ ክምር ሲያብብ ያ ረጅም ቀጭን ምንቁር ያለውና ላባው የሚያብረቀርቀው ትንሽ ወፍ ሳይጠራ ይመጣል። ስሙን ከተከዜ ወንዝ የወሰደው ዓይነት የኛው ደጋ ወፍ ነው። ቀጋና አንፋርም ይጨምሩ። ፀረ ተባይ አይርጩ፤ ጥሬ በሊታ የሆኑትም ሳይቀሩ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። አጥሩን የሚከረክሙትም ጎጆ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ይሁን። ላባ ያልለበሰ ጫጩት ወድቆ ካገኙ ወደ ጎጆው ይመልሱት፤ «የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምኖረው። በዐቢይ ጾም መጨረሻ አካባቢ ሌሊት የሚዘምር ወፍ አለ፣ የአገሬን ያስታውሰኛል። ናፍቆት ነው ወይስ እውነት ይመሳሰላሉ?

መልስ፦ እውነት ነው። እዚያ በኤፕሪል ከሁሉም ቀድሞ የሚጀምረው ሮቢን ነው፤ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ጀርባው አመድማ። ከላይ ለጉለሌዋ እናታችን የጻፍንላት ቅጠል ገላባጭ የሮቢን የቅርብ ዘመድ ናት፤ ሳይንሱም በአንድ ወገን ይመድባቸዋል። የመንገድ መብራት ባለበት ሰፈር ሮቢን ገና በጨለማ ይጀምራልና በሌሊት ቢሰሙት አይገረሙ።

በረንዳ ላይ መጋቢያ ከመስቀልዎ በፊት ኮንትራትዎን ያንብቡ፤ ብዙ አፓርትመንቶች ይከለክላሉ። ከተፈቀደ ለፍትፍት የምንጠቀምበትን ሱፍ፣ ያልተቆላና ጨው ያልነካው፣ ያኑሩ። የቨርጂኒያ የግዛት ወፍ የሆነው ቀዩ ካርዲናል ይወደዋል፣ ሽኮኮዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ካልተፈቀደ የውሃ ሳህን ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ አልጋ ላይ ናት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። የወፍ ድምፅ ከስልክ ባሰማት ነውር አለው?

መልስ፦ ክፍሉን ዘግተው በዝቅተኛ ድምፅ ካሰሟት ምንም የለውም። በረንዳ ላይ ወይም በተከፈተ መስኮት ግን አያድርጉት፤ ወንዱ ወፍ ባላጋራ የመጣበት መስሎት መብሉንና ጎጆውን ትቶ ይንከራተታል። የሚሻለው አልጋዋን ራስጌው ወደ መስኮቱ እንዲሆን አዙሮ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን አንድ ስንዝር መክፈት ነው። አንገቷን በነጠላ ይሸፍኑላት፤ የንጋት ብርድ ያማል። መስኮቱ ዛፍ ወይም ሰማይ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ወፍ ይጋጭበታል። ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ በየ5 ሴንቲሜትሩ ነጭ ነጥብ ይለጥፉ፤ ከውስጥ ከተለጠፈ ነጸብራቁን አይሰብረውም።