«ደወል ተመታ» ወይስ «ደወል ተደወለ»?

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በአንድ ጽሑፌ «የዕረፍት ደወል ተመታ» ብዬ ብጽፍ፣ አራሚው «የሚመታስ ከበሮ ነው፤ ደወል ይደወላል» ብሎ ሰረዘብኝ። እውነት ስሕተት ነው? ቃጭልስ ከደወል በምን ይለያል?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ዐረፍተ ነገርዎን ይመልሱት። «ተደወለ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ስሙና ግሱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይሁን እንጂ «መታ»ን ከደወል አጠገብ ማባረር ደወሉ ራሱ እንዴት እንደሚጮኽ መርሳት ነው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው የድንጋይ ደወሎቹን ያውቃቸዋል፦ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ረዣዥም ድንጋዮች ናቸው፤ በሌላ ድንጋይ ሲመቷቸው እንደ ብረት ይጮኻሉ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው ይለያል፤ መጠናቸውና ውፍረታቸው አንድ አይደለምና። እንዲህ ያለው ደወል በውስጡ የተንጠለጠለ መቺ የለውም፤ ገመድ ቢስቡለትም አይጮኽም። ስለዚህ ይመታል። የእርስዎም ትምህርት ቤት ደወል እንደ ብዙዎቹ ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ወይም የሐዲድ ቁራጭ ከሆነ፣ ዘበኛው በብረት ሲያናግረው ከ«ተመታ» የሚሻል ቃል አላገኝለትም።

ቃጭል ግን አይመታም። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ በእጁ ይዞ የሚያሰማው፣ በበቅሎና በፍየል አንገት የሚታሰረውም ትንሽ ደወል ነው። የራሱ ግስ አለው፦ አቃጨለ። በጣም የምወደው ቃል ነው፤ ጆሮአችን ሲጮኽብን እንኳ «ያቃጭልብኛል» የምንለው ከዚሁ ነው። አሁን አሁን ጸሐፊዎች ሁሉንም «ደወለ» በሚለው አንድ ግስ ሲጠቀልሉት አዝናለሁ። አማርኛ ለየመሣሪያው ግስ ሲመርጥ እጁ የሚሠራውን አይቶ ነው፦ ነጋሪት ይጎሰማል፣ መለከት ይነፋል፣ በገና ይደረደራል። ጸናጽል ደግሞ ይንሿሿል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 13፥1 በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እንደሚጮኽ ናስ ወይም እንደሚንሽዋሽዋ ጸናጽል» ሲል ናሱን በአንድ ግስ፣ ጸናጽሉን በሌላ ለይቶ ነው።

መረዋንም ላንሣ፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ደወል ስም ነው። ጥርት ብሎ የሚያስተጋባውን ድምፅ «መረዋ ድምፅ» የምንለው በእርሱ መስለን ነው። የዘፋኝን ድምፅ «የደወል ድምፅ» ብለው ቢጽፉ ግን አንባቢው ምስጋና መሆኑን ይጠራጠራል።

ስልክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቃሉ በዐረብኛ «ሽቦ» ማለት ነው፤ «ደወለ»ን ከደወል የተዋሰው የድሮው ስልክ በውስጡ ደወል ስለነበረው ነው፤ የሚደውለው ሰው በሩቅ ያለውን ደወል ያስጮኽ ነበር። ስለዚህ ደዋዩ ሰው ነው። «እናቴ ደወለችልኝ» ይበሉ፤ ስልኩ ራሱ ግን ጮኸ ወይም አቃጨለ።