ባለ ቀንዱን ግዙ፦ ስለ ቤት ውስጥ አንቴና ጥያቄና መልስ

የኬብል ሒሳብ ያንገሸገሻችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የማወራው ስለ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ነው። አንቴና ካንቀሳቀሳችሁ ደግሞ ስካን አድርጉ፤ ማለትም ቲቪው ቻናሎቹን እንደገና ይፈልግ። ይህን ዛሬ አሥር ጊዜ እንደምለው ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ አንቴና ገዛሁ። ቻናል 4 እና 5 ጥርት ብለው ይመጣሉ። 7 እና 9 ግን የሉም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። አልተበላሸም እህቴ። አሜሪካ ትልልቆቹን ጣቢያዎች ወደ ዲጂታል ያዞረችው እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 ነው። በዚህ ለውጥ የብዙዎቹ ጣቢያዎች የስክሪን ቁጥርና እውነተኛው የአየር ቻናል ተለያዩ። 4 አሁን የሚያሰራጨው በ34 ነው፣ 5 ደግሞ በ36። እነዚህ ዩ ኤች ኤፍ ናቸው፤ ሞገዳቸው አጭር ስለሆነ ያቺ ወረቀት ትበቃቸዋለች።

7 እና 9 ግን እዚያው የድሮ ቦታቸው፣ ሞገዱ ረዘም ባለው ቪ ኤች ኤፍ ላይ ናቸው። የሞገዳቸው ግማሽ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወረቀቷ ይህን ለመያዝ ታንሳለች። ስለዚህ ሁለት የሚመዘዙ ዘንጎች ያሉትን፣ እኔ ቀንዳሙ የምለውን ርካሽ አንቴና ግዢ። እያንዳንዱን ዘንግ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ምዘዢና ግራና ቀኝ አጋድሚው። የጣቢያዎቹ ማማዎች ያሉት በዲሲ ሰሜን ምዕራብ ክፍል፣ ቴንሊታውን አካባቢ ነው። ዘንጎቹ ጎናቸውን ለማማው ይስጡ፤ ጫፋቸውን አይጠቁሙበት። ከዚያ ስካን።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀደም አንዲት እናት ቤት ሄጄ ሁሉን አስተካክዬ 9 እምቢ አለኝ። አንቴናው አጠገብ የጠረጴዛ መብራት ነበር። የኤል ኢ ዲ አምፖሏን ሳጠፋ 9 ብቅ አለ፤ ሳበራ ጠፋ። እናትየው «ሰይጣን ነው እንዴ?» አሉኝ። ርካሽ አምፖል ቪ ኤች ኤፍን ይረብሻል፤ ሌላ ምንም የለበትም። መብራቱን አራቅኩት፣ አለቀ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ኢቢኤስን በዚህ አንቴና አገኛለሁ?

መልስ፦ አታገኝም። የአገር ቤት ቻናሎች በኢትዮሳት የሚመጡበት ሳተላይት ከህንድ ውቅያኖስ በላይ ነው ያለው፤ ለእኛ መሬት ራሷ ትጋርደዋለች። ዲሽ ብትሰቅልም አይሆንም። በኢንተርኔት እይ።

ከአርሊንግተን፦ ካርቶኑ ላይ «4ኬ፣ 300 ማይል» የሚል አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ተወው! አንቴና ሞገድ ይቀበላል እንጂ ኤች ዲና 4ኬን አይለይም። 300 ማይል የሚባለው ደግሞ ውሸት ነው። መሬት ክብ ናት። ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ትልቅ አንቴና እንኳ ከ70 ማይል በላይ በአስተማማኝ ማግኘት ይከብዳል፤ ሳሎን ውስጥማ አታስበው።

ከሃያትስቪል፦ እኔ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቲቪው ላይ ሰክቼ 7ን አገኘሁ። ለምን ብር ታስወጣላችሁ?

ከዉድብሪጅ፦ ፎይልም ይሠራል።

ከሃያትስቪል፦ ፎይል አይሠራም! አገር ቤት ድስት ክዳን ሰቅለን አይተናል፣ ምንም አልጨመረም።

ከዉድብሪጅ፦ እናንተ ሰፈር ነው ያልጨመረው። እኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቼ «አሁንስ?» ስል፣ እህቴ በመስኮት «ትንሽ ወደ ግራ! አይ፣ አበላሸኸው!» ስትል ነው ያደግኩት። ክዳን አድርገን ነው ዓለም ዋንጫ ያየነው።

ከሃያትስቪል፦ የትኛውን ዓለም ዋንጫ? ጭጋጉን ነው ያያችሁት።

መልስ፦ ልጆች፣ በቃ። መስቀያው የሚሠራው ርዝመቱ ለ7 ስለተመቸ ነው። ፎይሉ ከኋላ ሲሆን አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ከፊት ሲሆን ይጋርዳል። ወደ ጥያቄው።

ከፎልስ ቸርች፦ አምፕሊፋየር ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምሪ። አንቴናው ያልያዘውን አምፕሊፋየር አያመጣም። ለማማው ቅርብ ከሆንሽ እንዲያውም ቲዩነሩን፣ ቲቪው ውስጥ ያለውን ተቀባይ፣ ያደናቁረዋል። አንዱን አንቴና ለሁለት ቲቪ በስፕሊተር ከከፈልሽው ወይም ኬብሉ በጣም ረጅም ከሆነ ብቻ አስቢበት።

ከጌይተርስበርግ፦ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ? የቱ ቻናል? አንቴናው የት ነው የተቀመጠው? ስንተኛ ፎቅ? ስካን ተደርጓል? ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አመመኝ» ብሎ ዝም ይባላል እንዴ?

ከጌይተርስበርግ፦ አዲስ ሕንፃ ነው፣ 6ኛ ፎቅ። መስኮቱ ላይ ለጥፌ ምንም የለም።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። የአዳዲስ ሕንፃዎች መስታወት ብዙ ጊዜ ሙቀት እንዳያስገባ ስስ የብረት ቅብ አለው፤ ሞገዱንም አብሮ ይመልሳል። ሌላ ግድግዳ ሞክር፣ ወይም ባልኮኒው ላይ አውጣው። አከራዩ ቢቆጣ፣ በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረት ለብቻህ በተከራየኸው ባልኮኒ ላይ የቲቪ አንቴና ማስቀመጥ መብትህ ነው። የጋራ ጣሪያ ላይ ግን አይደለም። ግድግዳ መብሳትም ሌላ ጉዳይ ነው።

ከላንግሊ ፓርክ፦ የ2026 ዓለም ዋንጫስ?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ፎክስ ነው የያዘው፤ እዚህ 5 ቁጥር ላይ ነው፣ ነፃ። ከፊሉ ጨዋታ ግን በኬብሉ ኤፍ ኤስ 1 ነው የተመደበው። በስፓኒሽ ቴሌሙንዶ አለ።

ከዉድብሪጅ፦ አርሴናልስ?

መልስ፦ አብዛኛው ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንድ ቅዳሜ 4 ላይ ይመጣል።

ከሃያትስቪል፦ አርሴናልን ለማየት ብር ይከፈላል እንዴ?

መልስ፦ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ከላንሃም፦ ፋናን ግን ይይዛል አይደል?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ። ሳተላይት፣ ህንድ ውቅያኖስ፣ መሬት። ፋናም፣ ኢሳትም፣ ኢቢኤስም በዚህ አንቴና የሉም።

ከሬስተን፦ ቲቪዬ አሮጌ ነው፤ ሳጥን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከማርች 2007 ወዲህ የተሠራ ቲቪ ከሆነ ዲጂታል ቲዩነሩ ውስጡ አለ። ከዚያ በፊት ከሆነ ላይኖረው ይችላል፤ ከሌለው መቀየሪያ ሳጥን ግዛ። የኮምፒውተር ሞኒተር ከሆነ ቲዩነር የለውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ የ7 እና የ9ኟ። ጎረቤቴ ቀንዳሙ ነበራት፣ ተውሼ ሰካሁት። እንዳሉኝ አጋደምኩት። መብራቱንም አጠፋሁ። አሁንም የሉም።

መልስ፦ ስካን አደረግሽ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ውይ። ሪሞቱ ልጄ ጋ ነው፣ ቆዩኝ።