ኪያንቲ ለመሄድ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊሬንዜ (ፍሎረንስ ምንላት የኢጣልያ ከተማ) መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፣ ዘመድ ጓደኛ ከጀርመንም ከስዊድንም በመጣ ቁጥር ይዤ ምዞረው ኪያንቲን ነው፣ ከፊሬንዜ እስከ ሲየና ያለውን የወይን ኮረብታ ማለት ነው። ስሙ በ"ኪ" ነው ሚነበበው፣ "ቺያንቲ" አይደለም። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ መኪና የለኝም፣ ያለኝ አንድ ቀን ነው። ግሬቬን፣ ራዳን፣ ሳን ጂሚኛኖንና ሲየናን ማዳረስ እችላለሁ?

በፍጹም እንዳታደርገው! ቀኑ አውቶቡስ ስትጠብቅ ያልቃል። ሁሉን ልይ ብለው ወጥተው ማታ ደክሟቸው ፎቶ ብቻ ይዘው ሚመለሱ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ኪያንቲ ማለት ከተሞቹ ብቻ አይደሉም፣ በመሃል ያለው መሬት ነው፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ የድንጋይ ቤቱ። አንድ ቀን ካለህ ግሬቬ ብቻ ሂድ። ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ 365 ቁጥር አውቶቡስ ትይዛለህ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አደባባዩ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ መሃሉ ላይ የጆቫኒ ዳ ቬራዛኖ ሐውልት ቆሟል፣ በ1524 ኒውዮርክ ወደብ የገባው መርከበኛ፣ እዛ ያለው ትልቁ ድልድይ በሱ ስም ነው ሚጠራው። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ገበያውን ታገኛለህ። ከዛ በእግርህ ወደ ሞንተፊዮራሌ ውጣ፣ ዳገት ነው ግን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንደሯ ክብ ናት፣ አንዱን ጠባብ መንገድ ይዘህ ስትዞር ተመልሰህ የተነሳህበት ትደርሳለህ፣ በየደጃፉ የአበባ ማሰሮ አለ፣ ከቀትር በኋላ የራስህን ኮቴ ብቻ ነው ምትሰማው። እሁድ ግን አውቶቡሱ በጣም ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ሳታይ እንዳትነሳ። ሌላ ቀን ከተገኘ ሲየናን ለብቻዋ ስጣት፣ በፈጣኑ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አራት ነን፣ መኪና ልንከራይ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ጥሩ አስባችኋል፣ ኪያንቲጃና ሚባለው 222 ቁጥር መንገድ ለመኪና ነው የተሰራው ማለት ይቻላል፣ ከፊሬንዜ በግሬቬ በፓንዛኖ በካስቴሊና አድርጎ ሲየና ያደርሳል። መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ከሆነ ዓለም አቀፉን ጨምራችሁ ያዙ። ዋናው አደራዬ ግን ዜታ ቲ ኤሌ ነው፣ የድሮ ከተማ መሃል መኪና ሚከለከልበት ክልል። መግቢያው ላይ ካሜራ አለ። ቦርዱ ላይ "ቫርኮ አቲቮ" ሚል ከበራ ብዙ ሰው በሩ ክፍት ነው ማለት ይመስለዋል፣ ተቃራኒው ነው፣ ክልከላው አሁን እየሰራ ነው ማለት ነው። ጓደኛዬ እንደዛ ተሳስቶ ገብቶ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤቱ ድረስ መጣለት፣ ያውም ሁለት ጊዜ ስላለፈ ሁለት ቅጣት። መኪናውን ከግንቡ ውጪ አቁሙና በእግር ግቡ። ሹፌሩ ደግሞ አይቅመስ። ህጉ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ መንጃ ካወጣ 3 ዓመት ላልሞላው ዜሮ ነው። መንገዱ ጥምዝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የኪያንቲ ወይን ጠርሙስ አንገት ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮ ምንድነው?

ደስ ሚል ጥያቄ። ፊሬንዜና ሲየና በድንበር ሲጣሉ ኖረው በመጨረሻ አንድ አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮህ ይነሳ፣ የተገናኙበት ድንበር ይሁን ብለው ተስማሙ ይባላል። ሲየናዎች ነጭ ዶሮ መርጠው በደንብ አበሉት፣ ፊሬንዜዎች ጥቁሩን አስራቡት፣ የተራበው ገና ሳይነጋ ጮኸ። የፊሬንዜው ፈረሰኛ ሲየና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፎንተሩቶሊ ሚባል መንደር ላይ ተገናኙ፣ ኪያንቲም የፊሬንዜ ሆነ። ይሄ አፈ ታሪክ ነው፣ ጥቁሩ ዶሮ ግን የድሮው የኪያንቲ ማህበር ምልክት ነበር፣ ፊሬንዜ ባለው ፓላዞ ቬኪዮ ሚባል ቤተ መንግስት ትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ሠዓሊው ቫሳሪ ሥሎታል፣ ቀና ብላችሁ ፈልጉት። በ1716 ደግሞ ቶስካናን (ይሄን ክልል ሁሉ) ይገዛ የነበረው መስፍን ኮሲሞ 3ኛ የኪያንቲን ወሰን በአዋጅ አስከለለ፣ በዓለም በህግ ከተከለሉ የመጀመሪያዎቹ የወይን አገሮች አንዱ ነው። ዶሮው ያለበት "ኪያንቲ ክላሲኮ" ነው፣ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ሚባል ወይን መሆን አለበት። "ኪያንቲ" ብቻ ሚለው ከዚህ ውጪ ካለው ሰፊ አካባቢ ነው ሚመጣው፣ ሱቅ ውስጥ አትሳሳቱ።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉን፣ ወይንም አንጠጣም። ይሆነናል?

እንዴታ! ሞንተሪጆኒ ውሰዷቸው፣ ሲየናዎች በ1200ዎቹ መጀመሪያ የሰሩት ክብ ግንብ ነው 14 ማማ ያለው፣ ግንቡ ላይ ወጥተው ይሄዳሉ፣ ትንሽ ስለሆነ አይጠፉባችሁም። ሳን ጂሚኛኖም ጥሩ ነው፣ ከ72ቱ ማማ 14ቱ ቀርተዋል፣ ትልቁ 54 ሜትር ነው መውጣት ይቻላል፣ ግን ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በአስጎብኚ አውቶቡስ ይጨናነቃል፣ በጠዋት ወይ ወደ ማታ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔ እህትህ ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ?

ቶስካና ለጾመኛ ደግ አገር ነው። ሪቦሊታ አለ፣ ጥቁር ጎመን፣ ቦሎቄና የደረቀ ዳቦ አብሮ የተቀቀለበት፣ ፓፓ አል ፖሞዶሮ አለ፣ በቲማቲም የራሰ ዳቦ ነው ከእንጀራ ፍትፍት ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ላይ ወይራ ዘይት ያፈሱበታል። አንዳንድ ቤት ስጋ ወይ አይብ ስለሚጨምር "ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፎርማጆ" (ያለ ስጋ፣ ያለ አይብ) በይ። ዳቦው ጨው የለውም፣ ረስተውት አይደለም፣ አሰራሩ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ልምጣ? ቅምሻው እንዴት ነው?

ለቀማው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፣ ያኔ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፣ ግን የወይን ቤቶቹም ስራ ላይ ናቸው ቀድመህ አስይዝ። ኦክቶበር መጀመሪያ ጋዮሌ ሚባል የኪያንቲ ከተማ ውስጥ ትልቅ የድሮ ብስክሌት ጉዞ ስላለ አልጋ አይገኝም። ኦገስትን አልመክርም፣ ሙቀት ነው። እኔ ሜይን እመርጣለሁ።

ቅምሻው ላይ ትንሽ ትንሽ ነው ሚቀዱልህ፣ ቀምሰህ ማሰሮው ውስጥ መትፋት ነውር አይደለም ባለቤቶቹም ያደርጉታል። ጊዜ ካለህ የብሮሊዮን ቤተ መንግስት እይ፣ ከ1141 ጀምሮ የሪካሶሊ ቤተሰብ ነው፣ በ1872 የኪያንቲን አቀማመም በደብዳቤ የጻፈው ቤቲኖ ሪካሶሊ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ቪን ሳንቶ ካለ ማየት እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቅ። ቅዱስ ወይን ማለት ነው። ዘለላውን ጣሪያ ስር ሰቅለው ወይ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው እስኪሸበሸብ ያደርቁታል፣ ከዛ ጨምቀው ትንንሽ በርሜል ውስጥ አሽገው ለዓመታት ይተዉታል። የኛ ቤተክርስቲያን የቅዳሴውን ወይን ከዘቢብ ነው ምታዘጋጀው አይደል፣ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን የደረቀውን ዘለላ በእጄ ይዤ ሸተት ሳደርገው ልጅነቴ ነው የመጣብኝ፣ እና አሁን ማንም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ምወስደው እዛ ጣሪያ ስር ነው።