«እግዚአብሔርን» ማመን ወይስ «በእግዚአብሔር» ማመን?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ‹እግዚአብሔርን አምናለሁ› ብል አስተማሪው አረሙኝ። ‹ን› ሲባል የእግዚአብሔርን መኖር መቀበል ብቻ ነው፤ የሚያድነው ‹በእግዚአብሔር› ማመን ነው አሉ። ልክ ናቸው?»

ጥያቄዎ ለዓመታት የተሟገትሁበትን ጉዳይ ስለ ነካ ላልፈው አልቻልሁም። ይህን ትምህርት ከብዙ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አማርኛው ግን አይደግፈውም። እናት ሕፃኗን ለጎረቤት ትታ ገበያ ስትወጣ «አንቺን አምኜ ነው» ትላለች። ጎረቤቷ በሕይወት መኖሯን መመስከሯ ነውን? ልጇን በእጇ ማኖሯ ነው እንጂ! «በአንቺ አምኜ» ብትል ጆሮ ይጎረብጠዋል። ሰው ራሱን በሰው ላይ የሚጥልበት ምዕላድ (በቃል ላይ የሚቀጠል ፊደል) ይኸው የተናቀው «ን» ነው።

ዘፍጥረት 15፥6 «አብራምም በእግዚአብሔር አመነ» ይላል። ጳውሎስ ይህንኑ ሲጠቅስ ሮሜ 4፥3 ላይ «አብርሃምም እግዚአብሔርን አመነ» ተብሎ ተተርጉሟል። ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት እምነት ግን ያው አንዱ ነው። ዕብራይስጡ እንደ እኛው «በ» አለው፤ የሮሜው ግሪክኛ መስተዋድድ የለውም።

ድንበሩ ሌላ ቦታ ነው። ያዕቆብ 2፥19 «እግዚአብሔር አንድ ብቻ እንደ ሆነ አንተ ታምናለህ» ካለ በኋላ አጋንንትም እንደሚያምኑና እንደሚንቀጠቀጡ ይነግረናል። «እንደ ሆነ» የምትለዋን ይመልከቱ፤ የታመነው ነገሩ ነው፣ አካሉ አይደለም። ሐኪሙ ዐዋቂ እንደ ሆነ ማመን ሌላ፣ ሐኪሙን አምኖ ለመርፌው ክንድን መዘርጋት ሌላ። ያዕቆብ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው የሚለውም ያልተዘረጋውን ክንድ ነው።

ሥሩ ራሱ ጽናትን ያዘለ ነው፤ እሙን፣ ታማኝ፣ ምእመን፣ አሜንም ከዚሁ ቤት ናቸው። «ሃይማኖት» ሳይቀር በአራማይክ በኩል የመጣ የዚሁ ሥር ልጅ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው «ሃ» በእኛ «አ» የሚሆነው የአድራጊነት ምዕላድ ነው። በግእዝ ሃይማኖት ማለት ይኸው ልብን የሚያሳርፍ እምነት ነበር። ዛሬ በቅጽ ላይ የሚሞላ የወገን መጠሪያ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም ቃሉ ሄዷል፣ የሚመልሰው የለም።

እኔ ራሴ በጸሎት ጊዜ «በ»ን እመርጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በግእዝ «ነአምን በአሐዱ አምላክ» (በአንድ አምላክ እናምናለን) ሲባል ሰምቻለሁና ያለዚያ ጎደሎ ይመስለኛል፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ዛሬ ብዙ ወጣቶች «እግዚአብሔርን አምናለሁ» ሲሉ «አለ እላለሁ» ማለታቸው መሆኑንም፣ ባልወደውም፣ አልክድም። በዚህ በኩል አስተማሪዎ የሰሙት ነገር አለ።

እርስዎን ማረማቸው ግን ስሕተት ነው። በማርቆስ 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮኽ «አምናለሁ» ላይ «ን»ም «በ»ም አልጨመረም፤ ልጁም ተፈወሰለት።