ባቡር በለቀቀው መስመር ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አገልግሎት ባቆሙ የባቡር መስመሮች ላይ ስለተሠሩ የእግር፣ የብስክሌትና የፈረስ መንገዶች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል፤ ብስክሌት ከነዳሁም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እነዚህ መንገዶች ሜዳ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሜዳ ናቸው ከማለት ዳገታቸው ለስላሳ ነው ማለት ይሻላል። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ስለሚንሸራተት፣ ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር ብርቱ ዳገት መውጣት አይችልም፤ በዚህም ምክንያት መሐንዲሶቹ ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ሸለቆውን በአፈር እየሞሉ ወይም በድልድይ እየተሻገሩ፣ ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ በየ100 ሜትሩ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ እንዳይጨምር አድርገዋል። ይሁንና ለዓይን የማይታወቅ አቀበት ሳይቋረጥ ለብዙ ኪሎ ሜትር ሊቀጥል ስለሚችል፣ ጀማሪ ሰው ድካሙ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባውና ብስክሌቱን መጠርጠር ይጀምራል። በአሜሪካ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 241 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የግሬት አሌጌኒ መንገድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ከከምበርላንድ የተነሣ ሰው በ38 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከፒትስበርግ የተነሣው ግን ወደዚያው የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ የሚደርሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ እያለ በሚያድግ አቀበት ነው። ስለዚህ የትኛው ጫፍ ከፍ እንደሚል አስቀድመው ይወቁ፤ በመጡበት የሚመለሱ ከሆነም አቀበቱን ጉልበትዎ ሳይደክም ይጨርሱት። ሲሄዱ ከኋላ የገፋዎት ነፋስ ሲመለሱ ፊት ለፊት እንደሚጠብቅዎም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ረጅም ዋሻ ባለበት መንገድ ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ልያዝ?

መልስ፦ መብራትና ሹራብ። በአሜሪካ ግዛቶች በአይዳሆና በሞንታና ድንበር ላይ በሚገኘው የሃያዋታ መንገድ ያለው ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም መሀሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በበጋም ቢሆን ይበርዳል፤ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። የስልክ መብራት ለእንዲህ ያለው ቦታ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መብራት ይስጡት። በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በዊስኮንሲን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የኤልሮይ-ስፓርታ መንገድ ዋሻዎች ውስጥ ብስክሌትን እየገፉ በእግር ማለፍ ግዴታ ነው፤ ግዴታ በሌለበትም ቢሆን ከልጆች ጋር ይህንኑ እመርጣለሁ። አንዳንድ ዋሻዎች በክረምት ስለሚዘጉ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ፈረሰኛ በአንድ መንገድ ሲገናኙ ማን ለማን ያሳልፋል?

መልስ፦ የተለመደው ደንብ ብስክሌተኛው ለሁሉም፣ እግረኛው ደግሞ ለፈረሰኛው ቅድሚያ እንዲሰጥ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፈረስ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣን ነገር ከአውሬ ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ደወል ከመደወል ይልቅ ከሩቅ ሰላምታ ማሰማት፣ ፈረሰኛው እስኪፈቅድ መታገሥ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ በዝግታ ማለፍ ይገባል። እግረኛን ሲያልፉ ግን ደወሉ ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን አጠገቡ ደርሰው ሳይሆን ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ በሚያገኝበት ርቀት ላይ ይደውሉ። ለማረፍ ሲቆሙ ከነብስክሌትዎ ከመንገዱ ይውጡ፤ ብዙዎችን የሚያስቆጣው ይህ ነው። ውሻ በአጭር ማሰሪያ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ባቡሩ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል?

መልስ፦ በሕግ ረገድ ሊመጣ ይችላል። አሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሻሻለችው ሕግ መሠረት ባቡር የተወው መስመር ለባለ መሬቶች ተከፋፍሎ ከመጥፋት ይልቅ፣ ወደፊት ባቡር ቢያስፈልግ እንዲመለስ ተጠብቆ እስከዚያው በመንገድነት ሊያገለግል ይችላል፤ በሚዙሪ 386 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኬቲ መንገድ የተገኘው በዚሁ አሠራር ነው።