የድሮ ቤት ለማፍረስ የምትገቡ፦ ስለ አስቤስቶስ ጠይቁኝ

በዋሺንግተን ዲሲና በሜሪላንድ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ አስቤስቶስ (ድሮ ለግንባታ ይገባ የነበረ፣ ብናኝ ክሩ ሲተነፈስ ሳንባን የሚያሳምም ማዕድን) ሳነሳ ዓመታት ቆይቻለሁ። አሁን ተቆጣጣሪ ነኝ። ጥያቄዎቻችሁን እንደመጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ምድር ቤት ያለውን ያረጀ ታይል አንሳ ተባልኩ። አስቤስቶስ እንዳለው በምን ልወቅ?

መልስ፦ በዓይን አይታወቅም፤ ናሙናው ላቦራቶሪ መግባት አለበት። የአሜሪካ ሕግ እስከ 1980 የተነጠፈን የቪኒል ታይልና የድሮ የቧንቧ ሽፋን፣ ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ አስቤስቶስ አለበት ብሎ ነው የሚቆጥረው። 9 በ9 ኢንች የሆነ ታይል፣ ከሥሩም ጥቁር ሙጫ ካየህ እጅህን ሰብስብ።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ስንት ቀን ነው? ከኪሴ ነው የምከፍለው?

መልስ፦ የቧንቧ ሽፋን ለሚያነሳ ሠራተኛ 4 ቀን፣ 32 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 14ቱ የእጅ ሥራ ነው፤ ማስክ መግጠም፣ ፕላስቲክ መወጠር፣ ማርጠብ፣ ከረጢት ማሰር። በየዓመቱ ደግሞ የ1 ቀን ማደሻ አለ። ወጪው የቀጣሪህ ነው። ትምህርቱም በሚገባህ መንገድ መሰጠት አለበት። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ድርጅት የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ከፍቶ አስፈረመንና አለቀ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ምን ላይ እንደፈረመ እስከ ምሳ ሰዓት ሲጠይቀኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ውሃ ለምን ይረጫል?

መልስ፦ የሥራው ነፍስ እሱ ነው! የአስቤስቶስ ክር ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ደርቆ ከተሰበረ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ተራ ውሃ ላዩ ላይ ይንከባለላል። ስለዚህ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ጠብ እናደርግበታለን፤ ያኔ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ደረቁን በመጥረጊያ መጥረግማ ጭራሽ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፣ ጺሜን አልላጭም። የኮቪድ ማስክ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ፊት ላይ የሚጣበቀው ማስክም በጺም መሃል አየር ያስገባል። በባትሪ አየር የሚነፋ፣ ራስን የሚሸፍን ዓይነት አለ። ለሥራህ ይሆን እንደሆነ አለቃህን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው። ከልጆቹ ልብስ ጋር አጥበዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ አቁሚ። ያ ልብስ ከሥራ ቦታ መውጣት አልነበረበትም። እዚያው አውልቆ፣ ታጥቦ ነው መምጣት ያለበት። ሥራው ቦታ ደርሰው የማያውቁ ሚስቶች የባሎቻቸውን ልብስ በማጠብ ብቻ ታመዋል።

ጥያቄ፦ አምና 2 ቀን ያለ ማስክ ሠራሁ። አለቀልኝ?

መልስ፦ አላለቀልህም። አደጋው ከመጠኑና ከቆይታው ጋር ነው የሚጨምረው። ግን በሽታው ከ10 እስከ 40 ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ለሐኪምህ ንገረው፤ መዝገብህ ላይ ይጻፍ። ሲጋራ ካለብህ ደግሞ ተወው።