«ለባዕድ የሚያወራውን ለእኔ ለምን ይደብቀኛል?»

ከደምበጫ የጻፉልን እኅት 14 ዓመት በትዳር እንደቆዩ፣ ባለቤታቸው በአረቄ ዕዳ ጊደር እስከ መሸጥ ደርሰው እንደነበር፣ በኋላም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች የሚደጋገፉበት ቡድን አግኝተው አብረው መመላለስ እንደጀመሩ ይገልጻሉ። «እስከ በሩ አደርሰውና ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንዳወራ፣ ስለ እኔም አንስቶ እንደሆነ ስጠይቀው ዝም ይለኛል። ለባዕድ የሚያወራውን ለእኔ ለምን ይደብቀኛል? ዘጠኝ ቅዳሜ ሄዶ በአሥረኛው አሞኛል ብሎ ቀረ። እስካሁን አልጠጣም፤ እኔ ግን እፈራለሁ። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» ይላሉ።

ውድ እኅቴ፣ ባለቤትዎ የቀሩት ቡድኑ ስላልጠቀማቸው አይመስለኝም። በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ መስመር አለ፦ «ከቀረበት ቅዳሜ በፊት ባለው ረቡዕ ማታ፣ ዛሬ በአረቄ ቤቱ በኩል ሳልፍ አማረኝ ቢለኝ ደንግጬ ለታላቅ ወንድሙ ደወልኩ፤ እሱም ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ።» ሌላውን ሁሉ በስፋት ሲያብራሩ ይህን ግን በዚህ አጭር ቃል ነው ያለፉት፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው።

«አማረኝ» የምትለው ቃል በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የዘወትር ቃል ናት። አንዱ «ትናንት አማረኝ» ይላል፣ ሌላው «እኔንም ሐሙስ ዕለት» ይላል፤ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም፣ ማንም አይደነግጥም፤ ምክንያቱም እዚያ ከተቀመጡት መካከል በእርስዎ ባለቤት መጠጥ ጊደር የተሸጠበት የለም። እርስዎ ግን ቃሏን ሲሰሙ ጊደሯ፣ ያልተከፈለው የልጆች ወጪ፣ በእኩለ ሌሊት የሚንኳኳው በር አንድ ላይ ይመጡብዎታል። መደንገጥዎ አያስወቅስዎትም። ሆኖም ለዓመታት አምሯቸው ሳይናገሩ ሄደው ይጠጡ የነበሩ ሰው፣ በዚያ ምሽት አምሯቸው ሳይጠጡ ቤት ገብተው መናገራቸውን ልብ ይበሉልኝ። በቡድኑ የተማሩትን በቤታቸው ሞክረውት ነበር። ለእርስዎ የነገሩት ቀን፣ ሽማግሌ መጣባቸው።

በዓለም የታወቀው የዚህ ዓይነት ማኅበር፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለው ሰው ለሥራ ሄዶ ነገሩ ሳይሳካለት ሲቀር መጠጥ በብርቱ አማረው፤ ያን ጊዜ ስልክ እየደወለ ያፈላለገው እንደ እሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው ነበር፤ ያገኘውም ቦብ ስሚዝ የተባለውን ሐኪም ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ግን ይበልጥ ትዝ ያለችኝ የዊልሰን ሚስት ሎይስ ናት። እሷ ለዓመታት ለምናና አልቅሳ ያላስተወችውን ነገር ባዕዳን በአጭር ጊዜ ስላስተዉት ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት፤ አንድ ቀን ወደ ስብሰባው እንዳይረፍድብን ቶሎ በይ ቢላት ጫማዋን ወረወረችበት። ኋላ ግን፣ በ1951፣ የጠጪ ቤተሰቦች ስለ ራሳቸው ሕመም የሚነጋገሩበትን አል-አኖን የተባለ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች።

እርስዎም የወረወሩት ጫማ ባይኖርም፣ በሚኒባሱ ውስጥ የሚያነሡት ጥያቄ ከዚያ የራቀ አልመሰለኝም። ባለቤትዎ ከንስሐ አባታቸው ዘንድ ቆይተው ሲመለሱ «ምን ነገርካቸው?» ብለው ይጠይቃሉ? አይጠይቁም። የቡድኑም ነገር ከዚያ በር ወዲህ እንዳይወጣ የሚደረገው ለዚሁ ነው፤ ሰው የተናገረው ማታ ቤቱ ሲገባ ጠብቆ የሚይዘው ከሆነ መናገሩን ይተዋል። ይህን ስል እርስዎን መክሰሴ አይደለም። 14 ዓመት ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በሩን ልቀቅ ሲባል ምን ይዞ እንደሚቆም ግራ ይገባዋል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ራስዎ እንቅልፍ፣ ስለ ራስዎ ጤና አንዲት ቃል አለማግኘቴም ያሳዘነኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው «ልመልሰው» የሚለውን ይተዉት። የሚሻለው፣ አመቺ ሰዓት ሲያገኙ፣ ለወንድማቸው ስለ ደወሉበት ማታ ይቅርታ መጠየቅ ይመስለኛል፤ ወደ ቡድኑ ልመለስ ካሉም ብቻቸውን ይሳፈሩ። የጽዋ ማኅበሩ ተራ ሲደርሳችሁ ጠላው ቀርቶ ያልፈላ ብርዝ ቢቀርብ አንዳንድ ማኅበርተኛ ያጉረመርም ይሆናል፤ ያጉረምርም። ምናልባት ተመልሰው ጠጥተው ለብዙ ቀናት ከዘለቁ ግን በቤት ውስጥ በድንገት እንዲያቆሙ አያስገድዷቸው፤ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውነትን የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ከባድ መቃዠት ሊመጣበት ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይገባል። ለራስዎም በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለሙያ ቢያነጋግሩ እመርጣለሁ፤ እኔ በአንድ ደብዳቤ ያልሰማሁትን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሰማልዎታል።

ባለቤትዎ ዳግመኛ «አማረኝ» እስኪሉዎ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ያሉዎ ዕለት ስልኩን አያንሡ፤ ቡና ያፍሉና አብረዋቸው ይቀመጡ።